«ብሮግዩ» ያልኩት ቃል

ልጄ አምስተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስድስት ገጽ ሙሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ይዛ መጣች። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና «ባቢ፣ ስፔሊንግ ቢ ልገባ ነው» አለችኝ።

ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እሷው አስረዳችኝ። ልጆች መድረክ ላይ ተራ በተራ ይቆማሉ። አንድ ሰው ቃል ይጠራላቸዋል፤ እነሱ ቃሉ የሚጻፍባቸውን ፊደላት አንድ በአንድ ይናገራሉ። የተሳሳተ ደወል ይመታበትና ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የቀረው ያሸንፋል። ይሄ ደግሞ ምን ውድድር ይሆናል ብዬ ሳቅኩ። በእኛ ፊደል ነገሩ እንደተባለው ይጻፋል፤ ሰው ቢሳሳት እንኳ በሃሌታው ሀ እና በሐመሩ ሐ፣ በእሳቱ ሰ እና በንጉሡ ሠ ነው። ወረቀቱን አንስቼ ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። ከቃላቱ እኩሌታውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

የምንኖረው ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ አፓርትመንት ውስጥ ነው። እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፤ ንጋት ላይ ገብቼ ስምንት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ባለቤቴ ሌክ ሃይላንድስ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የከሰዓቱን ሺፍት ትሠራለች። ስለዚህ ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት የምጠብቃት እኔ ነኝ። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። አገር ቤት፣ ሻሸመኔ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። እዚህ ከመጣን ጀምሮ ግን አንድም ሰው «እስቲ ይሄን አስረዳኝ» ብሎኝ አያውቅም። ልጄ ወረቀቱን ስታቀርብልኝ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በማግሥቱ እርሳስ ቀርጬ ተቀመጥኩ። ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ አነባበቡን በእኛ ፊደል ጻፍኩ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጌ እንድጠራላት ነው። ቀጥሎ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁትን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ እንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ፍቺውን አስገባሁ። ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ ታብሌት ሰጥቷል። ታብሌቱ ላይ ቃሉን ሲነኩት በድምፅ ይናገራል። የመጀመሪያው ቀን በሱ ልታጠና ሞከረች፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጌም ውስጥ ገብታ አገኘኋት።

«ዝጊው» አልኳት።

«ባቢ፣ እሱ እኮ ፕሮናውንስ ያደርጋል!»

«እኔም አደርጋለሁ» አልኩ።

ዘጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ወንበር ላይ፣ እሷ መሀል ምንጣፉ ላይ ቆማ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት እንሠራለን። የምታውቀው ቃል ሲሆን ታርመኛለች። «ኖ ባቢ፣ እንደሱ አይባልም» ትልና ትክክለኛውን ትነግረኛለች፤ እኔም በላጲስ አጥፍቼ እንደገና እጽፋለሁ። አላፍርም ነበር፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ሁለታችንም የማናውቀው ቃል ሲመጣ ግን የሚጸናው የእኔ አነባበብ ነው። ሌላ ዳኛ ቤት ውስጥ የለም።

አራተኛው ገጽ ላይ ያ ቃል ነበር። ቢ፣ አር፣ ኦ፣ ጂ፣ ዩ፣ ኢ። መዝገበ ቃላቴ «ወፍራም የቆዳ ጫማ» ይላል። እንዴት ይነበባል ብዬ ጥቂት አሰብኩ። «አርግዩ» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፣ መከራከር ማለት ነው፤ የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው። «ብሮግዩ» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ወደደችው። እግሯን ምንጣፉ ላይ እየመታች «ቢ አር ኦ፣ ጂ ዩ ኢ፣ ብሮግዩ!» እያለች ትዘፍነው ጀመር። እናቷ እንኳ በእረፍቷ ቀን ወጥ ቤት ሆና «ብሮግዩሽን ቀስ በይ፣ ታች ሰው አለ» እስክትላት ድረስ። አንድም ቀን ስታ አታውቅም። አጠገቡ ሦስት ጊዜ የራይት ምልክት አደረግኩ።

ውድድሩ ጥር ላይ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ምሳ በሚበሉበት አዳራሽ ነበር። ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ፤ አንጸባራቂውን ሰደሪያዬን መኪና ውስጥ ትቼ ገባሁና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ምናምን ልጆች ደረታቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸው መድረኩ ላይ ተደርድረዋል። ልጄ እናቷ የሠራችላትን ሹሩባ እየነካካች ስትፈልገኝ ቆየች፤ ስታየኝ እጇን ከወገቧ በታች አድርጋ በጣቶቿ ሰላም አለችኝ። ቃሉን የሚጠራው ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሽማግሌ።

የመጀመሪያውን ዙር አለፈች። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። እያንዳንዱን ፊደል ስትጠራ ከንፈሬ አብሯት ይንቀሳቀስ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ ፈገግ ስትል ነው የታወቀኝ። አራት ልጆች ቀሩ። ሁለቱ ወደሚቀጥለው ውድድር ያልፋሉ።

ሽማግሌው ለልጄ «ብሮግ» አላት።

ልጄ ፊቷን ወደ ሽማግሌው አዞረች። «ይድገሙልኝ» አለች። «ብሮግ» አላት፣ ቀስ ብሎ።

እኔም አላወቅኩትም። በሐሳቤ ስድስቱንም ገጽ አገላበጥኩ። በድምፅ የሚመስለው፣ ከ«ፍሮግ» እስከ «ዶግ»፣ ከእንቁራሪት እስከ ውሻ፣ ብዙ ቃል መጣልኝ፤ እሱ ግን የለም። ልጄ ወደ እኔ አየች። ፊቴን እንደ ሰሌዳ ልታነበው የፈለገች ነው የሚመስለው። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፤ ምንም አልነበረበትም።

«ትርጉሙን ይንገሩኝ» አለች።

«የአንድ አገር ወይም አካባቢ ሰው ሲናገር የሚታወቅበት ጠንከር ያለ አነጋገር፤ በተለይ የአየርላንድ ሰዎች።»

«ከየትኛው ቋንቋ ነው የመጣው?»

«ከአይሪሽ።»

አሁን ሳስበው፣ ጫማ ቢላት ኖሮ! ጫማ ብቻ ቢላት። ልጄ መዳፏ ላይ በጣቷ መጻፍ ጀመረች፤ እንደዚያ እንድታደርግ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አፌን ከፍቼ የምነግራት ነገር ቢኖረኝ እንኳ መናገር አይፈቀድም፤ ደግሞም የለኝም። ወንበሩን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

«ቢ» አለች። «አር። ኦ። ኤ። ጂ።»

ደወሉ ተመታ። ትንሽ ደወል ነው፤ ሱቅ በር ላይ እንደሚንጠለጠል ያለ። ሽማግሌው በሐዘኔታ ትክክለኛውን ፊደል አንድ በአንድ ጠራላት። እኔ አልሰማሁትም፤ «ከወረቀቱ ውጭ ነው የጠየቋት» የሚል ንዴት ጆሮዬን ሞልቶት ነበር። ልጄ ግን ሰማች። ፊቷ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር እንደበራለት ሰው ሆነ። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ ከመድረኩ ወረደች።

ውድድሩ ሲያልቅ ስድስቱን ገጽ ይዤ ወደ ክፍል መምህርቷ ሄድኩ። ልጄ ከኋላዬ እጅጌዬን ትጎትታለች።

«ባቢ እንሂድ። ፕሊስ፣ እንሂድ።»

«ቆይ፣ መብትሽ ነው» አልኳት። መምህርቷን «ይቅርታ፣ ይህ ቃል ከሰጣችሁን ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ልጄ ሁሉንም አጥንታለች» አልኳት፣ በምችለው እንግሊዝኛ።

መምህርቷ ወጣት ናት፤ ሰው ማስቀየም የማትወድ። «አብረን እንየው» አለችና ወረቀቱን ተቀበለችኝ። አንድ ገጽ፣ ሁለት፣ ሦስት ገለጠች። አራተኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ጣቷ ካረፈበት ቃል አጠገብ የእኔ ጽሑፍ አለ፤ ከጎኑ ሦስት የራይት ምልክት።

«ይሄ የእናንተ ፊደል ነው? እንዴት ያምራል! ምን ይላል?» አለችኝ።

«ጫማ» አልኩ።

«አዎ፣ ጫማም ማለት ነው!» አለች፣ እኔን ለማስደሰት እየሞከረች። «ከፊቱ ያለውስ?»

ከፊቱ ያለው «ብሮግዩ» ነው። ጮክ ብዬ ማንበብ አልቻልኩም። ልጄ እጅጌዬን ለቀቀችና «ሂዝ ታየርድ» አለቻት፤ ደክሞታል ማለቷ ነው። ወረቀቱን ከመምህርቷ እጅ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔን አስቀድማ ወደ በሩ ወሰደችኝ።

መኪናውን አስነስቼ ወደ ቤት ነዳሁ። ግሪንቪል መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«ኢትስ ኦኬ ባቢ።»

«አይደለም። እኔ ነኝ በስህተት ያስጠናሁሽ።»

«ኢትስ ኦኬ አልኩህ እኮ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ተቆጥታ አልቅሳ ቢሆን ኖሮ አባብላት ነበር። እሷ ግን የእኔ ስሜት እንዳይጎዳ ነበር የምትጠነቀቀው፤ የአሥር ዓመት ልጅ፣ መስኮቱን እያየች።

ባለቤቴ ማታ ሰምታ «ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች፤ አንተ ግን አትረሳውም፤ እሱ ነው የሚያሳስበኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስካን እያደረግኩ ያው ይመላለስብኛል። «ዲያሎግ» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በሬዲዮ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። እሱም መጨረሻው ጂ፣ ዩ፣ ኢ ነው። ለምን በዲያሎግ አልሄድኩም? ለምን አርግዩ መጣብኝ? ደግሞ ሻሸመኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ትዝ ይሉኛል፤ በየዓመቱ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ። የስንቱን ወንዝ፣ የስንቱን አህጉር ስም በዚሁ አፍ እንዳስያዝኳቸው እግዚአብሔር ይወቅ።

ከሳምንት በኋላ፣ ከሥራ መልስ፣ ሰፈራችን አጠገብ ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ቃሉን በአፌ መጥራት ስላልደፈርኩ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ለአንዲት ሠራተኛ ሰጠኋት። ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። «ብሮግ!» አለች፣ እንደ ቀልድ፣ ምንም ሳይከብዳት። ትልቁን መዝገበ ቃላት አውጥታ ገጹን ከፈተችልኝና አጠገቤ ቆማ ታነብልኝ ጀመር።

መዝገቡ ውስጥ ቃሉ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የመጀመሪያው ጫማው ነው። በአይሪሽ ቋንቋ ብሮግ ማለት ማንኛውም ጫማ ነው፤ አዲሱም አሮጌውም፣ የሴቱም የወንዱም። ከዚያ በፊት ደግሞ አይሪሾቹ ራሳቸው በመርከብ ከመጡባቸው የሰሜን ሰዎች ሳይወስዱት አይቀሩም ይላል፤ በእነዚያ ቋንቋ እግር ላይ የሚጠለቅ ልብስ ነበር። እንግሊዞች ግን ቃሉን ሲወስዱት ለድሃ ገበሬ ሻካራ ጫማ ብቻ አደረጉት። «ረግረግ መሬት ላይ ሲሄዱ የገባው ውሃ እንዲወጣ ቆዳውን ይበሱት ነበር ይባላል» አለችኝ ሴትዮዋ። «ዛሬ የቢሮ ሰዎች የሚያደርጉት ጫማ ላይ ያለው ነጠብጣብ ቀዳዳ ከዚያ የቀረ ነው።»

ሁለተኛው አነጋገሩ ነው። በእኛ ቅላጼ የምንለው ዓይነት። እዚህ ላይ መዝገቡ ራሱ እርግጠኛ አይደለም። አንዳንዶች ያው ጫማው ነው ይላሉ፤ እንግሊዞቹ እነዚያን ጫማ ያደረጉ ሰዎች ሲናገሩ ሰምተው አነጋገራቸውን በጫማቸው ጠሩት። ሌሎች ደግሞ አይደለም፣ ባሮግ ከሚል ሌላ የአይሪሽ ቃል ነው ይላሉ። ባሮግ ማለት ማቀፍ ነው፤ ትግል ላይ ሰው አንቆ መያዝም ባሮግ ነው። የምላስ ባሮግ ያለበት ሰው ሲሉ እኛ ኮልታፋ እንደምንለው ማለታቸው ነው፤ ምላሱን የሆነ ነገር የያዘበት።

እኛ ልጅ መናገር ሲጀምር አፉን ፈታ እንላለን። የእኔ አፍ የተፈታው በአንድ ቋንቋ ነው፤ በሌላው እንደተያዘ አርባ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ሴትዮዋ «ሌላ የምፈልግልህ ቃል አለ?» አለችኝ። የለም ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለልጄ ነገርኳት። ባለቤቴ ከፊት ተቀምጣለች፤ ልጄ ከኋላ። ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ሰሜን ሰዎቹ፣ ስለ ባሮግ ሁሉንም ዘረዘርኩላት። መምህርነቴ ሳይነሳብኝ አልቀረም። በደንብ አዳመጠችኝ።

«ሶ፣ አክሰንት ማለት ጫማ ማለት ነው?» ብላ ሳቀች።

«ሊሆን ይችላል። አይታወቅም።»

«ሁሉም ሰው አለው?»

«ሁሉም ሰው አለው። አንቺ ብቻ የለሽም» አልኳት፣ ላሞግሳት ብዬ።

«አለኝ» አለች። «በአማርኛ አለኝ። ሰንዴይ ስኩል ልጆቹ ይስቁብኛል። ቀ ስል፣ ጠ ስል። ‹ቁልፍ› በይ ይሉኛል፣ ከዛ ይስቃሉ።»

ባለቤቴ ወደ ኋላ ዞረች። «መቼ ነው? ማነው የሳቀብሽ? ለምን አልነገርሽንም?»

«እናንተም ትስቃላችሁ እኮ» አለች ልጄ።

እውነት ነው። እንስቃለን። «ጠጣሁ» ስትል፣ «ቀሚስ» ስትል ከት ብለን እንስቃለን፤ እንግዳ ሲመጣ «እስቲ በይ» ብለን እናስደግማታለን። ስልክ ላይ ለእህቴ ሁሉ አስብዬአታለሁ። በፍቅር ነው የምንስቀው፤ ግን እሷ ይህን ከሌላው ሳቅ በምን ትለየዋለች? ባለቤቴ «ውይ፣ የኔ እናት» አለች። እኔ መሪውን ይዤ መንገዱን ማየት ብቻ ነው የቻልኩት። ይቅርታ ልላት ፈልጌ፣ ይቅርታ ብላት ደግሞ «ኢትስ ኦኬ» እንደምትለኝ አውቄ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ እቤት ማስደገሙን አቁመናል። እሷ ግን አንድ አዲስ ነገር ጀመረች። በመኪና መስኮት ምግብ በምናዝበት ቦታ፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት፣ ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ ታዝዝልኛለች። ፋርማሲ ስንገባ ትቀድመኛለች። ስልክ ሲደወል «ባቢ፣ ስፒከር ላይ አድርገው» ትለኛለች። ስምንት ዓመት በራሴ አፍ ሃምበርገር አዝዤ በልቼአለሁ፤ ማንም አልተራበም። «ተይ፣ እኔ እችላለሁ» ልላት አስባለሁ። ደስ ብሏት፣ ረድታኝ፣ ተመልሳ ስትቀመጥ ሳያት ግን አልችልም።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ወረቀቱ እንደገና መጣ። እኔ ያገኘሁት ቦርሳዋ ውስጥ የምሳ ዕቃ ስፈልግ ነው፤ ታጥፎ ከታች ተቀምጧል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኳት።

«ዘንድሮ አትገቢም?»

«ኖ። ባንድ ገባሁ እኮ። ክላሪኔት» አለች።

«በእኔ ምክንያት ነው?»

«ባቢ!» አለች፤ ዓይኗን አዞረች። ያ ማለት አዎ ይሁን አይደለም ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቷ ልጆች በየዓመቱ ፍላጎታቸው ይለዋወጣል ትላለች። ሊሆን ይችላል።

አሁን ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ውስጥ በር ዘግታ ትለማመዳለች። እኔ ሳሎን ተቀምጬ እሰማለሁ። በአፍ የሚነፋው ያ ጥቁር እንጨት አንዳንዴ ያምራል፣ አንዳንዴ እንደ ዳክዬ ይጮኻል። ኖታ ማንበብ አልችልም፤ የትኛው ልክ እንደሆነ፣ የትኛው ስህተት እንደሆነ አለይም። ባለፈው ሐሙስ በሩን ከፍታ ወጣች።

«እንዴት ነበር?»

«በጣም ቆንጆ ነበር» አልኳት።

«ሁለተኛው መስመር ላይ ሦስቴ ተሳሳትኩ እኮ» አለችና ውሃ ጠጥታ ተመልሳ ገባች።